የጉበት ጎተራ፤ የግላይኮጅን አለካክ ታሪክና በጠዳ የተደረገ አንድ ሙከራ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእንስሳት ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚገኘው ግላይኮጅን የሚባለው ነገር እንዴት እንደ ተገኘ፥ ከዚያም ወዲህ ሊቃውንት እንዴት ሲለኩት እንደ ኖሩ በአጭሩ መግለጽ ነው። ጸሐፊው ወደዚህ ታሪክ የገባው ግን በመጻሕፍት ፍቅር ብቻ አይደለም። በጠዳ ሦስት ተማሪዎች ሆነን ያደረግነው የመጀመሪያ ሙከራ ከሸፈብን፤ የከሸፈበትን ምክንያት ስንፈልግም ያው ነገር ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ በፓሪስ ከተማ በአንድ ታላቅ ሊቅ እጅ ላይ ደርሶ እንደ ነበረ አገኘን። ልዩነቱ እርሱ ከመዘግየቱ ግኝት አወጣበት፤ እኛ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ እርስ በርሳችን ስንካሰስ ከረምን።

አንባቢ እንዳይሳሳት፥ የውጭ አገር ታሪክ ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር፥ «ዓ.ም.» የተጻፈባቸው የአገራችን ዓመቶች ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን በቀላሉ ለመረዳት በጎተራ እንመስለው። ሰው እንጀራ ሲበላ ከእህሉ የሚገኘው ስኳር ሁሉ በአንድ ጊዜ አይነድም፤ ትርፉ እርስ በርሱ ተሳስሮና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አውጥቶ በጉበትና በጡንቻ ይከማቻል። ይህ የተሳሰረ ስኳር ነው ግላይኮጅን የሚባለው። በአንድ ጐልማሳ ሰው ጉበት ውስጥ 100 ግራም ያህል፥ በጡንቻዎቹ ሁሉ ተደምሮ ደግሞ 400 ግራም ያህል ይገኛል። የሁለቱ ጎተራዎች ጠባይ ግን አንድ አይደለም። የጉበቱ የመንደር ጎተራ ነው፤ አንጎልም ሌላውም ብልት ሲቸግረው ከዚያ በደም በኩል ይሰፈርለታል። የጡንቻው ግን የየቤቱ ጎታ ነው፤ ባለቤቱ ለራሱ ሥራ ይጠቀምበታል እንጂ ለጎረቤት አያበድርም። ምክንያቱም ስኳሩን ፈትቶ ወደ ደም የሚለቀው የመጨረሻው ኤንዛይም በጡንቻ ውስጥ የለም።

ይህ ነገር ለጠዳ ሰው ምን ይረባዋል የሚል ጠያቂ ቢኖር መልሱ ሩቅ አይደለም። ከጠዳ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ በ1945 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ሰው የፈጀ የወባ ወረርሽኝ የደረሰበት አገር ነው። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅና ማሠልጠኛ በኢትዮጵያ መንግሥት፥ በአሜሪካ ርዳታ፥ በዓለም የጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ትብብር ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፥ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ለባላገሩ እንዲያወጣ የታሰበው እንዲህ ላለው መከራ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው፥ ከባድ ወባ የያዘው ሰው፥ ይልቁንም ሕፃንና ነፍሰ ጡር፥ የደም ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ትኩሳቱም ተሐዋስያኑም ስኳር ይበላሉ፤ ሕመምተኛው እህል አልቀመሰም፤ የጉበቱ ጎተራ ይራቆታል፤ ጉበቱም አዲስ ስኳር መሥራት ይሳነዋል። በ1983 በታይላንድ የተደረገ ጥናት ደግሞ ለመድኀኒት የሚሰጠው ኪኒን ራሱ ኢንሱሊንን በማብዛት ስኳሩን እንደሚያወርደው አሳየ። እንግዲህ ራሱን የሳተው ሕመምተኛ ወባው ወደ አንጎሉ ወጥቶ ነው ሲባል፥ አንዳንድ ጊዜ የጎደለው ስኳር ብቻ ሆኖ በደም ሥር በተሰጠ ግሉኮስ ሊነቃ ይችላል። አዲስ የተወለደ ሕፃንም እንዲሁ ነው፤ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣው የጉበት ስንቅ ለጥቂት ሰዓቶች ብቻ የሚበቃ ስለ ሆነ፥ በደጋው ብርድ ሳይሸፈንና ሳይጠባ ከቆየ ቶሎ ያልቅበታል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ።

እስከ 1840ዎቹ ድረስ ስኳርን መሥራት የሚችሉ ዕፀዋት ብቻ ናቸው፤ እንስሳ ግን ከዕፀዋት ያገኘውን ከማቃጠል በቀር ራሱ ምንም አይሠራም የሚል እምነት በፈረንሳይ ሊቃውንት ዘንድ ጸንቶ ነበር። ክሎድ በርናር፥ በወይን አትክልተኞች መካከል በ1813 የተወለደው የፊዚዮሎጂ ሊቅ፥ ይህን ለመፈተን ለውሾች ሥጋ ብቻ እየመገበ ደማቸውን መረመረ። በ1848 ከጉበት በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር አገኘ። ወደ አንጀት ያልገባ ስኳር ከጉበት ሲወጣ ማየት ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። ያን ጊዜ ስኳርን ለመለየት ሁለት መንገድ ነበረው፤ አንደኛው ስኳር ሲያገኝ ቀለሙን የሚለውጥ የመዳብ ውሕድ፥ ሁለተኛው በእርሾ ማብላላት። ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን ሁለተኛውን መንገድ ቢያዩ ኖሮ አይደነቁም ነበር።

በርናር ልማዱ እያንዳንዱን ጉበት ሁለት ሁለት ጊዜ መለካት ነበር። አንድ ቀን ሥራ በዝቶበት የመጀመሪያውን ልክ እንስሳው እንደ ሞተ ወዲያው ሠራና ሁለተኛውን ለማግስቱ አሳደረው። በማግስቱ ቢለካው ከዚያው ጉበት የተገኘው ስኳር ከትናንትናው እጅግ በልጦ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱ ልክ ተሳስቷል ብሎ ይጥለው ነበር። እርሱ ግን የሞተ ጉበት ሌሊቱን ስኳር ሲሠራ አደረ ማለት ነው ብሎ ጠረጠረ።

በ1855 ጥርጣሬውን እንዲህ አድርጎ ፈተነው። ሥጋ ብቻ ሲበላ የቆየ ውሻ አርዶ ጉበቱን ገና ትኩስ ሳለ አወጣ፤ ወደ ጉበት በሚገባው ታላቅ የደም ሥር በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ለ40 ደቂቃ ያህል አስፈሰሰበት። የሚወጣው ውሃ ጠርቶ ምንም ስኳር የሌለበት ሲሆን ጉበቱን በዕቃ አድርጎ አሳደረው። በ24 ሰዓት ውስጥ ያ የታጠበ ጉበት እንደ ገና በስኳር ተሞልቶ ተገኘ። ስለዚህ በውሃ የማይታጠብ፥ ነገር ግን ቀስ እያለ ወደ ስኳር የሚለወጥ አንድ ነገር በጉበቱ ውስጥ አለ ማለት ነው። በ1857 ይህን ነገር ለብቻው አወጣው። ትኩሱን ጉበት ወዲያው በሚፈላ ውሃ ጨምሮ ቀቀለው፤ ወቀጠው፤ በአጥንት ከሰል አጣራው፤ በመጨረሻም አልኮል ሲጨምርበት ነጭ ዝቃጭ ወረደ። ይህንንም «ስኳር ወላጅ» ለማለት ግላይኮጅን አለው። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር ቪክቶር ሄንሰን የሚባል የ22 ዓመት ወጣት በራሱ መንገድ ያንኑ ነገር አግኝቶ ነበር፤ ዝናው ግን ለፈረንሳዊው ሄደ።

አሁን የእኛን ነገር ልናገር። ከአንድ ሥጋ ቤት ጉበት ገዛን፤ በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው በፖታሽ ቀቀልን፤ አልኮል ጨመርን፤ ጠበቅን። የወረደው ዝቃጭ ከዕቃው ሥር ለማየት እንኳ የሚያስቸግር ነበር። አንዱ ጓደኛችን ፖታሹ አርጅቷል አለ፤ ሌላው ሚዛኑን ከሰሰ፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም። በሳምንቱ ለሁለተኛ ጊዜ ጉበት ልንገዛ ወደዚያው ሥጋ ቤት ሄደን በዕድሜ የገፉትን ባለሥጋ «አያ፥ ያ ያለፈው በሬ መቼ ነበር የታረደው?» ብለን ጠየቅናቸው። «ጉበቱን በወሰዳችሁበት ዋዜማ ማታ ነዋ ልጄ፤ በሬውም ከሩቅ የመጣ ነው፤ ሣርም ሳይቀምስ ነው ያደረ» አሉን። ወዲያው ነገሩ ገባን። በሬው በመንገድና በረኃብ ከጎተራው ብዙውን ጨረሰ፤ የቀረውን ደግሞ የሞተው ጉበት ሌሊቱን ወደ ስኳር ለወጠው። በርናር የፈለገው ስኳሩን ስለ ነበረ በማግስቱ ብዙ አገኘ። እኛ የምንፈልገው ግላይኮጅኑን ስለ ነበረ ባዶ እጃችንን ቀረን፤ ስኳሩ በፖታሹ ተበላሽቶ፥ የተረፈውም ከአልኮሉ ጋር ተደፍቶ ሄደ።

በርናርም ቢሆን ከክርክር አልዳነም። ተማሪው የነበረው እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ፔቪ፥ ጉበት ስኳር የሚሠራው ከሞት በኋላ ብቻ ነው፤ በሕይወት ሳለ ግን አይደለም ሲል ዕድሜውን ሙሉ ተከራከረው። ይህ ክርክር ተራ ቅንዓት ይመስላል፤ ነገር ግን ጥያቄው ብርቱ ነበር። የምንለካው የሕያውን እንስሳ ጠባይ ነው ወይስ የእኛን መዘግየት? ነገሩ የተቆረጠው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ማን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የውሾችን ጉበት በቀዶ ጥገና ባወጣ ጊዜ ነው። ጉበት የሌለው ውሻ የደም ስኳሩ እየወረደ ሄዶ ይዝልና ይወድቃል፤ ግሉኮስ ሲሰጡት ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ተነሥቶ ይቆማል። ስለዚህ በሕይወት ሳለ ደሙን በስኳር የሚጠብቀው ጉበቱ መሆኑ ተረጋገጠ። ፔቪ ግን ስለ መዘግየት የተናገረው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ከእርሱ በኋላ የመጣ ለኪ ሁሉ የሚታገለው ከዚያው ከመዘግየት ጋር ነው።

ይህን ትግል በሚገባ ያሳዩት በካምብሪጅ የነበሩት ፍሌቸርና ሆፕኪንስ ናቸው። ከእነርሱ በፊት የነበሩት ሊቃውንት የእንቁራሪት ጡንቻ ወስደው ይወቅጡና በውስጡ ያለውን ላክቲክ አሲድ ይለኩ ነበር፤ ውጤታቸውም አንዱ ከሌላው አይገጥምም። በ1907 ፍሌቸርና ሆፕኪንስ ጡንቻውን በበረዶ በቀዘቀዘ አልኮል ውስጥ እየጨመሩ ቢወቅጡት ያረፈ ጡንቻ ላክቲክ አሲድ ያለው በጣም ጥቂት፥ የደከመ ጡንቻ ግን ብዙ መሆኑን አገኙ። የቀደሙት ሰዎች አሲዱን የፈጠሩት ራሳቸው በመውቀጣቸው ነበር። በ1920 ኦቶ ማየርሆፍ የጠፋውን ግላይኮጅንና የተፈጠረውን ላክቲክ አሲድ ሲያመዛዝን እኩል ለእኩል ሆኖ አገኘው፤ በ1922 የኖቤል ሽልማትም ከአርኪባልድ ሂል ጋር ተካፈለ።

አለካኩን ለተማሪ እጅ የሚመች ያደረገው ግን በቦን ከተማ የነበረው ኤድዋርድ ፕፍሉገር ነው። እርሱ ያስተዋለው ጠባይ እንግዳ ነገር ነው። ብርቱ ፖታሽ ሥጋን፥ ደምን፥ ስኳርንም ሳይቀር ይበላል፤ ግላይኮጅንን ግን አይነካም። ስለዚህ ብልቱን በ60 በመቶ ፖታሽ ለረጅም ሰዓት መቀቀል፥ ከዚያም በአልኮል ማዝቀጥ፥ ዝቃጩን በአሲድ ወደ ግሉኮስ መፍታትና ስኳሩን መለካት በቂ ሆነ። በ1933 ጉድ፥ ክሬመርና ሶሞጊ ይህን አሳጠሩት፤ ፖታሹን ወደ 30 በመቶ አወረዱ፤ መቀቀያውንም ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ አደረጉት። በ1950 ደግሞ ሳይፍተርና ባልደረቦቹ አንትሮን የሚባለውን ኬሚካል በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ አሟምተው በዝቃጩ ላይ ጨመሩት፤ ስኳር ያለበት ሁሉ ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ቀለም ያወጣል፤ ቀለሙም በ620 ናኖሜትር ይነበባል። የተገኘውን ግሉኮስ ለ1.11 ሲያካፍሉት የግላይኮጅኑ ክብደት ይወጣል፤ ስኳሮቹ ሲተሳሰሩ ውሃ የጣሉበት ሒሳብ ነው። ዛሬ በኤንዛይም የሚለካ የረቀቀ መንገድ አለ፤ ነገር ግን ፖታሽ፥ አልኮልና አንትሮን ላለው ድኻ ላቦራቶሪ የ1950ው መንገድ አሁንም ያገለግላል።

እዚህ ላይ መጻሕፍቱ የማይናገሩት ሁለት ነገር አለ። ጠዳ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በፈላ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ከዚያ አይዘልም፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር 20 ደቂቃ የሚበቃው ለእኛ አይበቃም። ሰዓት ከማየት ይልቅ ሥጋው ፈጽሞ እስኪሟሟ መጠበቅ ይሻላል፤ ሽሮና ባቄላ የሚቀቅሉ ሁሉ ይህን ያውቁታል። ሁለተኛው የአልኮሉ ነገር ነው። ፖታሹ ላይ 95 በመቶ የሆነ አልኮል በመጠኑ እጥፍ ከጥቂት በላይ ሲጨመር ድብልቁ ከ50 በመቶ በላይ አልኮል ይሆንና ግላይኮጅኑ ይወርዳል። አልኮል ባለቀብን ቀን አንድ ጓደኛችን ዳግም አረቄ ልሞክር ብሎ ነበር። ዳግም አረቄ ግን ከራሱ ግማሽ ያህል እንኳ አልኮል የለውም፤ ከፖታሹ ጋር ሲደባለቅማ ይበልጥ ያንሳል። ሌላ ጥቅም ካልተገኘለት በቀር ለግላይኮጅን አይሆንም።

የታሪኩን ትልቁን እርምጃ ያስኬዱት ባልና ሚስቱ ካርልና ገርቲ ኮሪ ናቸው። ወደ አሜሪካ ሄደው በአይጦች ላይ ሲሠሩ፥ የተሰጠው ስኳር ስንት ወደ ጉበት፥ ስንት ወደ ጡንቻ፥ ስንቱ ደግሞ ተቃጥሎ እንደ ሄደ አንድ በአንድ ቆጠሩ። በ1929 ጡንቻ የለቀቀው ላክቲክ አሲድ ወደ ጉበት ተመልሶ እንደ ገና ስኳር የሚሆንበትን ዑደት ገለጡ። ገርቲ በሴይንት ሉዊስ ከባልዋ እኩል እየሠራች በጣም አነስተኛ በሆነ ደመወዝና ማዕረግ ብዙ ዓመት ቆየች፤ ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነችው ሁለቱ ከአርጀንቲናዊው በርናርዶ ሁሳይ ጋር የኖቤልን ሽልማት ባገኙበት በ1947 ነው። በ1952 ደግሞ፥ ጉበታቸው በግላይኮጅን ታጭቆ ሳለ በስኳር ማነስ የሚሠቃዩ ሕፃናት ጎተራውን የሚከፍተው ቍልፍ፥ ማለት በመጀመሪያ የጠቀስነው የመጨረሻው ኤንዛይም፥ እንደሌላቸው አሳዩ። ግላይኮጅን እንዴት እንደሚገነባ ያሳየው የቦነስ አይረሱ ሉዊስ ሌሎር ነው፤ በ1957 አሳየ፥ በ1970 ተሸለመ።

በሰው ላይ መለካት ግን ቆየ፤ ሰው እንደ አይጥ አይታረድምና። በ1962 ስዊድናዊው ሐኪም ዮናስ በርግስትሮም ከጡንቻ ቅንጣት ሥጋ የሚያወጣ መርፌ ለዚህ ሥራ አዋለ። በ1966 እርሱና ባልደረባው ኤሪክ ሁልትማን በአንድ ብስክሌት ግራና ቀኝ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በአንድ እግር ብቻ እስኪዝሉ ድረስ ነዱ። የሠራው እግር ጎተራው ተራቆተ፤ ያረፈው እግር ግን እንደ ሞላ ቀረ። ከዚያ በኋላ በስኳርና በእህል የተሞላ ምግብ ሦስት ቀን ሲበሉ የሠራው እግር ካረፈው እጥፍ ያህል አከማቸ። በ1967 በወጣው ጥናታቸው ደግሞ እህል የበሉ ሰዎች በብስክሌት 167 ደቂቃ ሲቆዩ፥ ሥጋና ቅባት ብቻ የበሉት በ57 ደቂቃ ወደቁ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮማን በባዶ እግሩ፥ በ1964 ቶኪዮን ሲያሸንፍ ይህ ሁሉ ገና አልተጻፈም ነበር። በ2011 በወጣ ጥናት የአገራችን ዝነኛ ሯጮች ከሚበሉት ጉልበት 64 በመቶ ያህሉ ከእህልና ከመሰሉ የሚገኝ መሆኑ ታይቷል። ስዊድናውያን በመርፌ ያገኙትን የእኛ ሯጮች በሞሰብ ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ስለ በሬውም አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጠዳና ለጎንደር ሰው ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነውና። በሬ ሲታረድ በጡንቻው ያለው ግላይኮጅን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጥና የሥጋው ፒኤች ከ7 ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል፤ ይህም ሥጋውን ቀይ፥ ለቢላዋ የሚመች፥ ቶሎም የማይበላሽ ያደርገዋል። በረጅም ጉዞ፥ በረኃብና በድንጋጤ ጎተራው የተራቆተ በሬ ግን አሲድ የሚሠራበት የለውም፤ ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል፤ ሥጋው ይጠቁራል፥ ይጣበቃል፥ ቶሎም ይሸታል። የከብት ጡንቻ ደግሞ ጎተራውን መልሶ የሚሞላው ቀስ ብሎ ነው፤ አንድ ሌሊት ማሳደር አይበቃም፤ ውሃና ድርቆሽ እየተሰጠው ጥቂት ቀናት ማረፍ ይፈልጋል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የሥጋ መጥቆርና ቶሎ መበላሸት ቀላል ነገር አይደለም። ባለሥጋው «የደከመ በሬ ሥጋው ጥቁር ነው» ሲሉን ማየርሆፍን ሳያነቡ ነው።

ለሁለተኛው ሙከራችን እንዲህ አደረግን። መዘግየትን ለማሸነፍ ሊቃውንት ከ1960 ጀምሮ ብልቱን በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ ጕጠት ቀጥቅጠው በቅጽበት ያቀዘቅዙታል። ለላም ማዳቀያ የሚሆነውን ዘር የሚይዙት ቴክኒሻኖች ያ ናይትሮጅን በዕቃቸው አለ፤ እኛ ግን አልለመንናቸውም። በምትኩ ፖታሽ የተጨመረባቸውን ትንንሽ ጠርሙሶች ክዳናቸውን ገጥመን ከላቦራቶሪ መዘንና በጋቢ ጠቅልለን ሳይነጋ ወደ ባለሥጋው ሄድን። እርሳቸው ውሃ አፍልተው ቆዩን፤ ጠርሙሶቹን በውሃው አሞቅን። በሬው እንደ ታረደ ጉበቱ ሲወጣ ቆራጩን ትንሽ ትንሽ አስቆርጠን ወዲያው ወደ ፖታሹ ከተትን። አንዱ ጓደኛዬ ቸኩሎ እጀ ጠባቡን በፖታሽ በሳው፤ እጁ ግን ተርፏል። ወደ ላቦራቶሪ ተመልሰን ጠርሙሶቹን ዳግመኛ መዘንን፤ የጨመረው ክብደት የጉበቱ ነው። ከዚያው ጉበት አንድ ቁራጭ ደግሞ በሳሕን አድርገን እስከ ማግስቱ በጠረጴዛ ላይ ተውነው።

አልኮሉ ሲጨመር የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች እንደ ተናጠ ወተት ደፈረሱ፤ ሲያድሩም ነጩ ዝቃጭ ሥራቸው ላይ ተኛ። አንትሮኑ ሲፈስባቸው ደማቅ አረንጓዴ ሆኑ። ያደረው ቁራጭ የሰጠው አረንጓዴ ከጎናቸው ሲቆም የፈዘዘ ነበር። አሁን የቀረን ሁለት በሬ ነው፤ አንዱ ከሩቅ ተነድቶ በማግስቱ የሚታረድ፥ ሌላው በጠዳ ሜዳ ሣር ሲግጥ የሰነበተ። ባለሥጋውም እንዲህ ያሉ ሁለት በአንድ ሳምንት ሲገጥሟቸው ልጅ ልከው ሊጠሩን ቃል ገብተውልናል፤ ጠርሙሶቹም ተመዝነው ተቀምጠዋል።